የሽብር ድምፅና የሰፈር አውጫጭኝ

ጦርነት የኪነ ጥበብን ሰው በሁለት በኩል ይፈትነዋል። አንደኛው ፈተና የገንዘብና የቁሳቁስ ችግር ነው፤ ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ የእውነት ችግር ነው። የመጀመሪያውን በብልሃት ያለፉ ሥራዎች በየአገሩ ሞልተዋል። ሁለተኛውን ያለፉት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በጦርነት ጊዜ ስለ ጠላት ማውራት ይቀላል፣ ጠላት ማን እንደሆነ በማስረጃ መጠየቅ ግን ይከብዳልና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. መባቻ፣ በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበው «ሼርሎክ ሆልምስና የሽብር ድምፅ» የተባለው ፊልም ሁለቱንም ፈተናዎች ባንድነት የተጋፈጠ፣ አንደኛውን ያሸነፈ፣ ከሁለተኛው ግን እስከ ደጃፉ ደርሶ የተመለሰ ሥራ ነው። ርዝመቱ 65 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ታላቅ ፊልም ነው ብሎ የሚከራከርለት የለም። ይሁን እንጂ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ በአንድ ካሜራና በኪራይ ግቢ ፊልም ለሚሠራ የአዲስ አበባ ወጣት ከብዙ ታላላቅ ፊልሞች ይልቅ የሚቀርብ ትምህርት አለው።

የፊልሙ ትውልድ እንዲህ ነው። ብሪታንያዊው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል የፈጠረው መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1939 በሁለት ፊልሞች ቀረበ፤ ሆልምስን ቤዚል ራዝቦን፣ ጓደኛውን ዶክተር ዋትሰንን ደግሞ ናይጀል ብሩስ ተጫወቱ። እነዚህ ሁለቱ የፈረስ ጋሪና የጋዝ ፋኖስ ዘመን ፊልሞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ መብቱን ወስዶ ከ1942 እስከ 1946 አሥራ ሁለት ፊልሞችን በተከታታይ አወጣ። የሽብር ድምፅ የአሥራ ሁለቱ መጀመሪያ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ሮሊንስ ነበር፤ የቀሩትን አሥራ አንዱን ያዘጋጀው ሮይ ዊልያም ኒል ነው። ኩባንያው ያደረገው ዋና ለውጥ መርማሪውን ከአሮጌው ዘመን አውጥቶ በጊዜው በነበረው ጦርነት መካከል ማቆሙ ነው። በአንድ ትዕይንት ሆልምስ የታወቀበትን ባለ ጆሮ ቆብ ሊያነሣ እጁን ይዘረጋል፤ ዋትሰን የገባውን ቃል ያስታውሰዋል፤ ሆልምስም ቆቡን ትቶ የከተማ ባርኔጣ ያነሣል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት አሮጌ ገጸ ባሕርይ ለአዲስ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ተጠርቷል።

ታሪኩ በራዲዮ ይጀምራል። በእንግሊዝ አየር ላይ ከጀርመን የሚመጣ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ አደጋን ይተነብያል፤ እንደተነበየውም ባቡር ይገለበጣል፣ ፋብሪካ ይቃጠላል፣ ሰው ይሞታል። የአገሪቱ የስለላ ምክር ቤት ግራ ሲገባው ከአባላቱ አንዱ ሰር ኢቫን ባርሃም ሆልምስን ያስጠራል። ብዙም ሳይቆይ ለሆልምስ ይሠራ የነበረ ጋቪን የተባለ ሰው ጀርባው ላይ በጩቤ ተወግቶ በመርማሪው ደጃፍ ይወድቃል፤ ከመሞቱም በፊት «ክሪስቶፈር» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይተነፍሳል። ሆልምስ የቃሉን ፍቺ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ወደብ ሠራተኞችና ወደ ሌቦች መንደር ወደ ላይምሃውስ ይወርዳል።

በመጀመሪያ ስለ ድህነቱ። የዚህ ዓይነት ፊልም በዚያን ዘመን በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ሲታይ ለዋናው ማጀቢያ እንዲሆን የሚሠራ ነበር። ጊዜው አጭር፣ ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ለንደን የተባለው ሁሉ የተቀረጸው በካሊፎርኒያ ነው። ባቡሩና ቃጠሎው አስቀድሞ ከተቀረጹ ፊልሞች ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። የምክር ቤት አዳራሽ፣ የመርማሪው ክፍል፣ መሸታ ቤት፣ ጨለማ ወደብ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን፤ ፊልሙ በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ያልቃል። የካሜራው ባለሙያ ኤልውድ ብሬደል ግን መብራቱን ቀንሶ ጥላውን አበዛው፤ ግድግዳው ስለማይታይ የግድግዳው ርካሽነትም አይታይም። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ድምፁ ነው። ጦርነትን በሠራዊትና በመድፍ ለማሳየት ሚሊዮኖች ይጠይቃል፤ ጦርነትን ቤት ውስጥ ለማስገባት ግን በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ራዲዮና ዙሪያውን ከበው የሚያዳምጡ ሰዎች ፊት ይበቃል። በልምድ የበሰለ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ያውቀዋል። ከመድረክ ጀርባ የሚሰማ የማይታይ ሰው ድምፅ በመድረክ ላይ ከቆሙት ሁሉ ይበልጥ ያስፈራል።

የዚህን ነገር ዋጋ ለኢትዮጵያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከጣልያን ወረራ በፊት የተቋቋመው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የአገሪቱን አቤቱታ ለዓለም ያሰማ ነበር። በወረራው ማብቂያ ላይም ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የቅስቀሳ ክፍል በሱዳን «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ እያሳተመ ወደ አገር ውስጥ ያስገባ፣ በከረን ግንባርም በድምፅ ማጉያ ከጠላት ጋር የተሰለፉትን ያገሬውን ወታደሮች ይጠራ ነበር። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነቷን ባከበረችበት ጊዜ ድምፅ የጦር መሣሪያ መሆኑን ከለንደን ባላነሰ ታውቅ ነበር። ፊልሙ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ሲወጣ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ፊልሙ ስለ ጠላት ድምፅ መናገሩ ነው። ለዚያ ገጸ ባሕርይ መነሻ የሆነው ከበርሊን በእንግሊዝኛ ያሠራጭ የነበረው ዊልያም ጆይስ እንደሆነ ይታመናል፤ እሱም ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 1946 በስቅላት ተቀጥቷል።

የፊልሙ ልብ ግን ከምክር ቤቱም ከራዲዮኑም አይደለም፤ ላይምሃውስ ከሚገኘው መሸታ ቤት ነው። በዚያ የተሰበሰበው ሰው ለመርማሪና ለፖሊስ ፍቅር የለውም። ከእነሱ አንዳንዶቹ በሆልምስ ምክንያት እስር ቤት ገብተው የወጡ ናቸው። የዓለም ስመ ጥር አእምሮ በእነዚህ ሰዎች ፊት ባዶ እጁን ይቆማል፤ «ክሪስቶፈር» ምን እንደሆነ አያውቅምና። ቃሉን ለሕዝቡ የምታደርሰው የሟቹ የጋቪን ወዳጅ የነበረችው ኪቲ ናት፤ ኢቭሊን አንከርስ የተጫወተቻት። ከፍ ብላ ቆማ ለሌባውም፣ ለወደብ ሠራተኛውም፣ ለሰካራሙም ትናገራለች፤ የተበደሉበትን አገር እንዲወዱ ሳይሆን፣ የጋራ ቤታቸው ሲቃጠል ቆመው እንዳያዩ ትለምናቸዋለች። ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ ይነሣል። የቃሉም ፍቺ ይገኛል፤ «ክሪስቶፈር» የሰው ስም ሳይሆን የአሮጌ ወደብ ስም ነው። የአገሩ ሊቃውንት ያጡትን ያወቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

ይህ ትዕይንት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ ሊን ሪግስ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ ከቼሮኪ ሕዝብ የሚወለድ፣ ስለ ገጠር ሕዝብ ኑሮ የጻፈው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1943 «ኦክላሆማ!» ለተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ቴአትር መነሻ የሆነለት ሰው ነው። ሌላው ጆን ብራይት በ1931 ስለ ቺካጎ ወንበዴዎች ከወጣው ታዋቂ ፊልም ጸሐፊዎች አንዱ፣ የፊልም ጸሐፊዎች ማኅበርን ከመሠረቱትም አንዱ ሲሆን፣ በኋላ በአሜሪካ በተነሣው የፖለቲካ ማሳደድ ሥራ እንዳያገኝ ስሙ የተመዘገበ ነው። ኩባንያው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ርካሽ የስለላ ታሪክ ገዛ፤ እነሱ ግን በመካከሉ ሕዝብ አስገቡበት። በርካሽ ሥራ ውስጥ ቁም ነገር የሚገባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ባለ ገንዘቡ ቸል ባለው ቀዳዳ።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ትዕይንት ሲያይ አዲስ ነገር አያይም፤ የሚያውቀውን ያያል። ያየው አውጫጭኝን ነው። በአንዳንድ አገር አፈርሳታ ይባላል። በቀድሞው ዘመን ስርቆት ወይም ቃጠሎ ወይም የሰው ነፍስ ጥፋት ተፈጽሞ አድራጊው ሲታጣ፣ የዚያ አጥቢያ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰው ይምላል፣ የሚያውቅም ስሙን ሳይገልጥ በሽማግሌዎቹ ጆሮ ይናገራል፤ ምስክሩም «ወፍ» ይባላል። የምዕራቡ ዓለም የወንጀል ታሪክ አንድ ብልህ ሰው በክፍሉ ተቀምጦ ምስጢርን እንደሚፈታ ያስተምራል። የእኛ አገር ልማድ ደግሞ ምስጢር የሰፈር ንብረት ነው ይላል፤ ሰው አድርጎት ሰው ያላየው ነገር የለም፣ ችግሩ ያየው እንዲናገር ማድረጉ ላይ ነው። የሽብር ድምፅ ጸሐፊዎች ስለ አውጫጭኝ ሰምተው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ተከታታዩ የሆልምስ ታሪክ ከልማዱ ወጥቶ በጥልቀት የሚተነፍሰው መርማሪው በራሱ ጥበብ መመካቱን ትቶ ሸንጎ በጠራበት ሰዓት ነው።

ኪቲን ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያሻም። ወደ ጠላት ሰው ወደ ሚድ ተጠግታ ወዳጅ መስላ ምስጢሩን ለአገሯ ታቀብላለች፤ በመጨረሻም በእሱ ጥይት ትሞታለች። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ስታቀብል ተይዛ መከራ ከተቀበለችና ወደ ጣልያን አገር ከተጋዘች በኋላ ተመልሳ እንደገና መታገሏን ታሪክ መዝግቦታል። ስማቸው ያልተመዘገበ ጠጅ ጣዮች፣ የቤት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው። ፊልሙ ለኪቲ የሰጣት ጥቂት ደቂቃ ነው። የአዲስ አበባ ኪቲዎች ግን ያን ያህል እንኳ በፊልም አላገኙም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሌላ ፊት አለውና። «የተሸሸገውን ጠላት አጋልጡ» የሚለው ጥሪ በፊልም ላይ ሲሰማ ደስ ያሰኛል፤ በከተማ ላይ ሲሰማ ግን ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚቆም አይታወቅም። የቦሌ መንገድ የሚጀምረው ከመስቀል አደባባይ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በዚሁ አደባባይ፣ በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ተሰባብረው «ሽብር» የሚለው ቃል የመንግሥት ሥራ ስም ሆነ። ቀበሌዎች መሣሪያ ታጠቁ፤ ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ በየስብሰባው ሰው ጎረቤቱን፣ ተማሪ ጓደኛውን እንዲያጋልጥ ተጠየቀ። ያ አውጫጭኝ አልነበረም፤ መሐላውና ሽማግሌው ቀርቶ ጥቆማው ብቻ የቀረበት ነገር ነበር። በ2002 ዓ.ም. በአደባባዩ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ፎቶግራፎቹን ግድግዳ ላይ አኑሯል። ከዚያ ወጥቶ በቦሌ መንገድ ወደ ታች የሚሄድ ሰው «የሽብር ድምፅ» የሚለውን ስም እንደ ፊልም ርእስ ብቻ ሊሰማው አይችልም።

ነገሩም ያለፈ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የከተማው ሰፈሮች እንደገና በጥበቃና በጥቆማ ተደራጁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሰዎች በብሔር ማንነታቸው የተያዙ መምሰሉ እንደሚያሳስበው በዚያው ሰሞን አስታወቀ። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ከሩቅ የሚሠራጨው ድምፅ በራዲዮ ብቻ የሚመጣ አልነበረም፤ በየኪሱ በተያዘው ስልክ ሌሊትና ቀን ይገባ ነበር። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚናገር፣ የተናገረውም መቼ እንደተቀረጸ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

የሽብር ድምፅን ከተራ የጦርነት ቅስቀሳ የሚለየው አንድ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ይገኛል። ሆልምስ ድምፁን እንደሌላው ሰው በፍርሃት አያዳምጠውም፤ ይመረምረዋል። የድምፁን ሞገድ በመሣሪያ ሲያስተያይ በቀጥታ የሚተላለፍ ንግግር ሳይሆን አስቀድሞ በሸክላ የተቀረጸ መሆኑን ይደርስበታል። አስቀድሞ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ተናጋሪው ትንቢት እየተናገረ አይደለም፤ አደጋውን ከሚያደርሱት ጋር በአንድ ዕቅድ የተሳሰረ ነው፤ ዕቅዱን የሚያውቀውም ሰው በእንግሊዝ ውስጥ፣ ምናልባትም በቅርብ ይኖራል። ከጥርጣሬ ወደ ማስረጃ፣ ከማስረጃ ወደ መደምደሚያ አንድ በአንድ ይሄዳል። ሕዝቡ ያወቀውን ይሰጣል፣ መርማሪው የተሰጠውን ይፈትናል። አንዱ ያለ ሌላው ቢሆን ወይ ምስጢሩ አይገኝም፣ ወይም ንጹሕ ሰው ይጠፋል። በአገራችን የጥንቱ አውጫጭኝ ድካም የነበረው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ንጹሑን ገበሬ ከእርሻው አስቀርቶ ያሰነብት፣ ለቂመኛም በር ይከፍት ነበር። የ1969ና የ1970 ዓ.ም. ጥፋት ደግሞ ፈታኙን ጨርሶ ማስወገዱ ነው።

ፊልሙ በዚህ መንገድ ደርሶ ደርሶ ከመጨረሻው ደጃፍ ይመለሳል። ከዳተኛው ራሱ ሆልምስን ያስጠራው የምክር ቤቱ አባል ሰር ኢቫን ባርሃም ሆኖ ይገኛል። ይህ ታላቅ ድፍረት ነው፤ ጠላት ከላይምሃውስ ሌቦች መካከል ሳይሆን ከአገር ጠባቂዎች ጠረጴዛ ተገኘ። ነገር ግን ወዲያው ፊልሙ በራሱ ድፍረት ይደነግጣል። ሰውየው እውነተኛው ባርሃም አይደለም፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞተውን እንግሊዛዊ መኳንንት መስሎ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ቮን ቦክ የተባለ ጀርመናዊ ነው ይለናል። ስሙ የመጣው ዶይል በ1917 በጦርነት መካከል ካሳተመው የሆልምስ የመጨረሻ አገልግሎት ታሪክ ነው፤ በዚያ ታሪክ ግን ሰላዩ በግልጽ የባዕድ ሰው ነበር። ፊልሙ ባዕዱን ወደ ምክር ቤቱ አስገብቶ የአገሩን መኳንንት ንጹሕ አደረጋቸው። ተመልካቹ «ከእኛ መካከል አንዱ» ብሎ ሊፈራ ሲል «የለም፣ ከእነሱ ነው» ተብሎ ይጽናናል። «ባንዳ» የሚለውን ቃል ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይጽናናም። ባንዳ ጭንብል ያጠለቀ ባዕድ አልነበረም፤ የሰው ወንድም፣ የሰው አጎት ነበር። እውነተኛው የጦርነት ጥያቄ እሱ ነው፤ ፊልሙም ያን ጥያቄ ነክቶ ተወው።

ሌላም ጉድለት አለ። ፍጻሜው በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ምስጢሩ ይገለጣል፣ የወረራው ዕቅድ ይከሽፋል፣ ኪቲ ተመትታ ትወድቃለች። ከዚያም ሆልምስ ስለሚመጣው ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ፣ ከነፋሱም በኋላ ስለምትቆመው የጠራች አገር ይናገራል፤ ንግግሩ ከዚያው ከ1917ቱ የዶይል ታሪክ የተወሰደ ነው። ንግግሩ ያማረ ነው፤ በ1942 በጨለማ ሲኒማ ቤት ለተቀመጠ ሰው ምን ያህል ኃይል እንደሰጠው መገመት አያስቸግርም። ቢሆንም ምስጢሩን ያገኘው መንደር በዚያ ሰዓት ከቦታው የለም። ሥራውን ሕዝቡ ሠራ፣ ዋጋውን ኪቲ ከፈለች፣ የመጨረሻውን ቃል ግን መርማሪው ወሰደ።

ይህ ለቦሌና ለአካባቢው የፊልም ሰው ምን ይነግረዋል? የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው»ን ይዞ ከተነሣ በኋላ ለብዙ ዘመን በገንዘብ እጦት ሲውተረተር ኖሯል። የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ግን በቦሌ መንገድ እንደ ዓለም ሲኒማ፣ በመድኃኔዓለም አካባቢም እንደ ኤድና ሞል ባሉት አዳራሾች አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞች ተመልካች አገኙ። ብዙዎቹ ፍቅርንና ሀብትን በአንድ የቦሌ ግቢ ውስጥ የሚያስቀምጡ ነበሩ። የምስጢር ታሪክ ጣዕም ግን በአገራችን እንግዳ አይደለም። ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍቱ ትውልድን ሌሊት ሲያስነብብ ኖሯል፤ «ሰው ለሰው» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማም የወንጀልን ጉዳይ ይዞ ብዙ ቤተሰብ በአንድነት እንዲቀመጥ አድርጓል። አንባቢውም ተመልካቹም አሉ። የጎደለው ገንዘብ ነው የሚለውን ምክንያት ይህ የ65 ደቂቃ ፊልም ግማሽ በግማሽ ያፈርሰዋል። አንድ ክፍል፣ አንድ ራዲዮ፣ የሚያዳምጡ ጥቂት ፊቶችና በደንብ የተጻፈ ጥርጣሬ ለመነሻ ይበቃሉ።

በበጋ ወራት አዲስ አበባን የሚያገኛት ነፋስ በብዛት ከምሥራቅ ይመጣል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎችም በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ከማረፊያው ወዲያ የአያትና የሰሚት ሕንፃዎች፣ ከእነሱም መካከል አሮጌዎቹ መንደሮች አሉ። በእነዚያ መንደሮች በየጦርነቱ ዘመን የሆነውን ያዩ፣ ያዩትንም ለማንም ያልተናገሩ ሰዎች ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ተጠቁመው የተያዙ፣ አንዳንዶቹ የጠቆሙ፣ አንዳንዶቹም ጎረቤታቸውን ደብቀው ያተረፉ ናቸው። የሚመጣው ጸሐፌ ተውኔት እነዚህን ሁሉ በአንድ መሸታ ቤት ሰብስቦ ቢያስቀምጣቸው፣ መርማሪውም ከበሩ አጠገብ ዝም ብሎ ቆሞ ቢያዳምጥ፣ የሽብር ድምፅ ጀምሮ የተወውን ጥያቄ ሊጨርሰው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ ስቱዲዮ አይደለም፤ «ከእኛ መካከል አንዱ» የሚለውን ቃል ሳያለዝብ እስከ መጨረሻው የሚጽፍ እጅና የተናገረውን ሁሉ ከማመኑ በፊት የሚፈትን ጆሮ ነው።